ገና እስኪያልፍ

እኛ ሰዎች ለስብሰባ እናረፍዳለን፣ ለሠርግ እናረፍዳለን፤ ለቀጠሮማ ማርፈዱ ራሱ የቀጠሮው አካል ነው። ለዚህ ሁሉ ብትታዘቡን አልቀየምም። የምንኮራበት መዘግየት ግን አንድ አለን፤ የመርዶ። ልጁ ሞቶበት ያላወቀ ሰው በመካከላችን ሲኖር አገር በሙሉ አፉን ይይዛል። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ሰላም ይዋል። ነገ ገበያ ነው፣ ይገብይበት። ከነገ ወዲያ በዓል ነው፣ ምን በወጣው። የዘመን መቁጠሪያችንን ከዳር እስከ ዳር ብታገላብጡት ለክፉ ወሬ የተተወ አንድ ባዶ ቀን አታገኙም።

ወጣቱ በጭነት መኪና እየታፈሰ ወደ ሰሜን በሚላክበት በዚያ ዘመን አምቦ አስተማሪ ነበርኩ። በመሥሪያ ቤት ወረቀት ከተማችን ሀገረ ሕይወት ትባል ስለነበር፣ የሟቾች ዝርዝርም የሚደርሰን በዚሁ ስም ነው። የኔ ልጅ መስፍንና የጎረቤቴ የአዴ ብርቄ ልጅ ገመቹ ለብሔራዊ ውትድርና የሄዱት በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና ነበር። አዴ ብርቄ ጎጆ ከምትባለው የደጋ ከተማ የሚመጣ ድንችና ገብስ እየቸረቸሩ ያን አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። እኔም ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ከመስፍን በቀር ማንም አልነበረኝም።

የነቢያት ጾም ሊገባ ዋዜማው ላይ፣ የዕድራችን ዳኛ ኦቦ ቶሎሳ ከትምህርት ቤቱ በር ቆመው ጠበቁኝ። ቀበሌ ወረቀት መጥቷል፣ ገመቹ የለም አሉኝ። እናቱ ግን ጾሙን በተስፋ ይጨርሱ፣ ገናንም ይዋሉበት፣ ያኔ አብረን እናረዳቸዋለን አሉ። አንተ ጎረቤት ነህና እስከዚያው ዐይንህን ከሳቸው ላይ አታንሳ ብለው አደራ ጣሉብኝ።

የመስፍንስ ወሬ አልመጣም ወይ አልኳቸው። እንዲህ ባለ ሰዓት ስለራሴ መጠየቄ አሳፍሮኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደግመው አጠለቁና፣ "እኔ የመጣሁት የገመቹን ልነግርህ ነው" አሉኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ። የጎረቤቴ ልጅ ሞት ተነግሮኝ ቆሜ፣ የኔ ተርፏል ብዬ ደስ አለኝ።

ጸጸቱ ነው መሰለኝ ጾም ያስጀመረኝ። ቀን ቀን ጓድ የምባል ሰው ነኝ፤ ጾም ከተውኩ ዓመታት አልፈዋል። ለራሴ የምለምነው ስላልነበረኝ ለአዴ ብርቄ ጾምኩ። የእሑዱ የቀበሌ ስብሰባ ሆን ተብሎ ከቅዳሴ ጋር ይገጥም ስለነበር፣ ስሜ ሲጠራ "አቤት" እልና በጓሮ በኩል ወደ ቤተ ክርስቲያን እሾልካለሁ። ብርሃን በሚባለው እሑድ ቄሱ ነቢያት በጨለማ ተቀምጠው ብርሃንህን ላክልን እያሉ እንዴት እንደጠበቁ ሲያስተምሩ፣ እኔም አንድ ጧፍ አበራሁ። ጌታ ሆይ፣ ያን ጠዋት እኚህን ሴት አንተ ያዛቸው አልኩ። ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ የሚሰማኝ አለ ብዬ አመንኩ። ዞር ስል አዴ ብርቄ በሴቶቹ በኩል ጧፋቸውን ይዘው ያለቅሳሉ። ልጄን አምጣልኝ እያሉ ነው አልኩ በልቤ።

በዚያ ጾም ደግሞ ሰው ሁሉ ያከብረኝ ጀመር። ርእሰ መምህሩ ሳልጠይቃቸው ክፍለ ጊዜ ቀነሱልኝ። የቀበሌው ዘበኛ ሳልፍ ከመቀመጫው ይነሣል። አዴ ብርቄማ ከድንቻቸው ትልልቁን መርጠው ወጥ እየሠሩ ይልኩልኛል፤ አመሻሽ ላይ "አካም ኦልቴ" ብለው አዋዋሌን ሲጠይቁኝ ድምፃቸው ይለሰልሳል። ጾሙ ፊቴን አብርቶት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ሞኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ገና በዋለ በሦስተኛው ቀን መርዶውን ከሚያረዱት ሽማግሌዎች ጋር የምንገናኘው ጎሕ ሲቀድ በአዴ ብርቄ አጥር ሥር ነበር። ነጠላዬን ለለቅሶ አዘቅዝቄ ወጣሁ። በሕይወቴ ለቀጠሮ የቀደምኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ሳይደርሱ የግቢው በር ተከፈተና አዴ ብርቄ ብቅ አሉ። ጥቁር ሻሽ አስረዋል፤ ነጠላቸውን እንደኔው አዘቅዝቀዋል። ማን ነገራቸው ብዬ ክው አልኩ።

"መምህር፣ ለምን መጣህ?" አሉኝ። "እኛ ነን ወዳንተ የምንመጣው።"

ልብሴን አዩ። ልብሳቸውን አየሁ።

ኦቦ ቶሎሳ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲደርሱ ሁለታችንም መሬት ላይ ነበርን። ዕድሜያቸውን ሙሉ መርዶ ሲያረዱ የኖሩት ሰው ያን ጠዋት አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሁለት አረዱ። በኋላ እንደነገሩኝ ወረቀቱ አንድ፣ ስሙ ሁለት ነበር። የሌላውን ሐዘን የተሸከመ ሰው የራሱን አይጠረጥርም ብለው የአዴ ብርቄን ለኔ፣ የኔን ለአዴ ብርቄ አካፈሉ። በመጨረሻም ለቅሶ ልንደርስ ነው ብለው ሁለታችንንም አንድ ቦታ ሰብስበው ሊያረዱን ነበር፤ እኔ ቀድሜ አበላሸሁባቸው።

እስቲ አስቡት። አገሩ ሁሉ እያወቀ፣ መስፍን ያን ጾም ሙሉ በሕይወት የነበረው እኔ ቤት ብቻ ነው፤ ገመቹም እናቱ ቤት ብቻ። ያን እሑድ አዴ ብርቄ ያለቀሱት ለኔ ነበር።

ዛሬም በየዓመቱ ብርሃን እሑድ ሲደርስ ጎን ለጎን ባንቆምም ሁለት ጧፍ ይበራል፤ የመስፍንን አዴ ብርቄ ያበሩታል፣ የገመቹን እኔ። ይህ ተስፋ ይባል እንደሆነ ቄሱን ጠይቁልኝ፤ እኔ ጧፉን ማብራቱን እንጂ ስሙን አላውቅም። ኦቦ ቶሎሳን ግን ይቅር አላልኳቸውም። መንገድ ላይ ስንገጣጠም ፊቴን አዞራለሁ፤ እሳቸውም ባርኔጣቸውን አንሥተው ያልፋሉ። ያታለልኩህባቸውን የጾም ቀኖች መልስልኝ ቢሉኝ ግን አንዷንም አልመልስላቸውም።