ዋና ኃላፊውን የሸኘው ባንድ

አገር የምትቆመው በታላላቅ መሥዋዕትነቶች ነው። ከእነዚህ አንዱ የመሥሪያ ቤቱ ምክትል ኃላፊ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ድራም መምታት መጀመራቸው ነበር።

ዓላማው የተቀደሰ ነው። ዋና ኃላፊው ጡረታ ሊወጡ ስለሆነ ሽኝቱ በሙዚቃ ይድመቅ ተባለ። ምክትሉ የእሳቸውን ወንበር አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀዋል። የሚወዱትን መሸኘት ማንም ይችላል፤ የማይወዱትን እንዲህ ተግቶ መሸኘት ግን የበሰለ ሰው ሥራ ነው።

ባንዱ በዕቃ ግምጃ ቤቱ፣ እግራቸው በተሰበረ ወንበሮች መሀል ተቋቋመ። ሾፌሩ ጊታር ያዘ፤ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ድምፃዊት ሆነች። የመጀመሪያው አራት ወር የባንዱን ስም በአብላጫ ድምፅ በማጽደቅ አለፈ። ዜማ በአብላጫ ድምፅ እንደማይጸድቅ የታወቀው በአምስተኛው ወር ነው።

«ጋሼ፣ ድራሙ ከዘፈኑ ቀድሞ ያልቃል» አለ ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ።

«መሪ ይቀድማል።»

«እሱማ ልክ ነዎት። እኛ ግን ገና መሀሉ ላይ ነን።»

«እንግዲያው ፍጠኑ።»

ምክትሉ ማታ ማታ ደግሞ ቤታቸው ትራስ በማንኪያ ይደበድቡ ጀመር።

«ሰውየው መሄዱ ላይቀር ምን አለፋህ?» አሉ ባለቤታቸው።

«በክብር ይሂድ ብዬ ነው።»

ግጥሙም የራሳቸው ነበር። «አይሂዱብን» ብሎ ይጀምርና «ከሄዱም ግን በሰላም ይሂዱ» ይላል። ቁም ነገሩ ያለው ሁለተኛው ስንኝ ላይ ነው።

ቀኑ ደረሰ፤ አዳራሹ ጢም አለ። ድምፃዊቷ «አይሂዱብን» አለችና ሁለተኛውን ስንኝ ብትፈልገው ከአእምሮዋ ጠፋ። የምታውቀውን ደገመች። «አይሂዱብን… አይሂዱብን…» ምክትሉ ከኋላ ሆነው ሊያስታውሷት ቢጮኹ፣ ጩኸታቸውን የገዛ ራሳቸው ድራም ዋጠው። በድንጋጤ የባሰ ደበደቡት። ታዳሚውም አብሮ «አይሂዱብን» ማለት ጀመረ።

ዋና ኃላፊው ዓይናቸውን በመሀረብ እየጠረጉ ተነሡ።

«ቦርዱ ሁለት ዓመት ጨምር ብሎኝ ነበር። ማን ይፈልገኛል ብዬ እንቢ አልኩ። አሁን ግን ምክትሌ ላብ እስኪያጠምቀው እየለመነኝ፣ እንዴት ጨክኜ እሄዳለሁ?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ማጨብጨብ የለመደ እጅ ምን ተባለ ብሎ አይጠይቅም።

በማግስቱ በዋና ኃላፊው ፊርማ ደብዳቤ ወጣ። ምክትሉ ከፈቱት። ላሳዩት ታማኝነት ሲባል ከዛሬ ጀምሮ ኃላፊ ሆነው ተሹመዋል፤ የባንዱ።