የቀይ ጤፍ ዳኛዋ

ሐበሻ በሄደበት አገር ሁሉ "ጤፍን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም" የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ሳዑዲ ውስጥ ለደማምና ለኾባር የደረሱን ክብርት እትዬ ተሾመች ነበሩ። ኾባር አንድ ቪላ ውስጥ ለአሥራ አራት ዓመት ምግብ አብሳይ ነበሩ።

"ነጭ ጤፍ ለፎቶ፣ ቀይ ጤፍ ለደም!" ይሉ ነበር። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ሻንጣውን ሳያራግፍ እሳቸው ከተፍ ይላሉ። ዱቄቱን በሁለት ጣት ቆንጠር፣ ምላሳቸው ላይ ጣል፣ ዓይናቸውን ጨፈን። "ማሽላ ነክቷታል" ካሉ ይግባኝ የለም። ጓደኛዬ መሕቡባ እናቷ አበጥረው የላኩላትን ዱቄት እንዲህ ሲፈርዱበት ሦስት ቀን አኩርፋለች።

አንዴ ማዳማቸው የእሳቸውን ዱቄት ካካዎ መስሏት ኬክ ጋገረችበት። እትዬ ሐዘን ተቀመጡ። ማዳም ግን ጣፍጧት ኖሮ በሳምንቱ "ተሾመች፣ ካካው ማፊ?" እያለች ሌላ ፍለጋ መጣች። "ማፊ! ኸላስ!" አሉ፣ የለም፣ አልቋል ማለታቸው ነው፤ የቀረችውንም ዱቄት ትራሳቸው ሥር ከተቷት።

ዓምና እኔ ታመምኩ። ደማም፣ አል መዝሩዒያ ሰፈር የምሠራበት ቤት ደረጃ ስወጣ ራሴን ስቼ ወደቅኩ። ሐኪሙ "ደምሽ አንሷል" አለኝ። ማዳሜ ደግሞ በወር ውስጥ ካልተሻለኝ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ ማለት ነው፣ አስመትታ ወደ አገሬ እንደምትልከኝ ነገረችኝ። ታናሽ እህቴን የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እትዬ ተሾመች ይህን ሲሰሙ አርብ አርብ፣ በዕረፍት ቀናቸው፣ የቀይ ጤፍ ሙቅ በፔርሙስ ይዘው ይመጡ ጀመር። ቅቤና ማር ጠብ አድርገውበታል። "ጠጪ ሮዛ! እናትሽ አጠገብሽ ብትሆን ይህንኑ ነበር የምታደርግልሽ።" እውነታቸውን ነው። ልጅ ሆኜ ሲያመኝ እናቴ ያንኑ ሙቅ እፍ እያለች ታጠጣኝ ነበር። ክዳኑ ሲከፈት ሽታው ሆዴን አባባው።

በወሩ ደሜ ሞላ፤ ሥራዬም ተረፈ። የሐኪሙን የብረት ኪኒን በየቀኑ ስውጥ እንደነበር ግን ለእትዬ ትንፍሽ አላልኩም። ሲመጡ ካልሲ ውስጥ ነበር የምደብቀው።

ባለፈው ወር ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ስሸኛቸው፣ ሰልፍ ላይ ያገኟትን የማናውቃትን ልጅ ክንዷን ይዘው "ይቺን የምታይያትን ከሞት ያወጣኋት እኔ ነኝ፣ በጤፍ!" ይሏታል።

ልጅቱ እውነት ነው ወይ በሚል ዓይን አየችኝ።

"እውነት ነው" አልኳት። መዋሸቴም አልነበረም።