ምሳ ሲደርስ የምትነሣው እጅ

አዳራሽ ያለው ሆቴል ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ሰብሳቢው «ወደ ምሳ እንሂድ» ሲል እጁን የሚያነሣ አንድ ሰው አይጠፋም። በላሊበላ እኚህ ሰው ክብርት ወይዘሮ ይማርሽ ናቸው። ሆዳችን ሲጮህ፣ ሽሮው ሲሸተን፣ ከኋላ ወንበር እጃቸው ብድግ ትላለች። «አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ትንሽ ናት።»

ትንሽ ሆና አታውቅም። እኔ ቱሪስት ሲጠፋ ከአስጎብኚነት ወደ አስተርጓሚነት የዞርኩ ሰው ነኝ፤ ጥያቄያቸውን ለለጋሾቹ የማደርሰውም፣ ከሁሉ ዘግይቼ የምበላውም እኔው ነኝ።

ወይዘሮ ይማርሽ የሴቶች የማርያም ጽዋ ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ ናቸው። ማኅበርተኞቹ ያለ ዕድሜያቸው ሊዳሩ ሲሉ ያመለጡ ልጆችን ይደብቃሉ። ጽዋው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ልጅቷም ዳቦ ተሸክማ ከኋላ ትከተላለች። ጽዋ ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ሰው ዳቦ ተሸካሚዋን ልብ አይልም።

የአፍሪካን ሴቶች ለመርዳት አገር ለአገር የሚዞሩት ለጋሾች ይህን ሲሰሙ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ፎቶ ያነሣሉ። ከዚያ «ሴቶችን እናብቃ» የሚል ባነር በብረት ዘንግ ሰቅለው፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ጎጂ መሆኑን ለእነዚሁ ሴቶች ሦስት ቀን ሙሉ ያስተምሯቸዋል።

የወይዘሮ ይማርሽ ጥያቄ መጀመሪያ የመጠለያ ቤት ነበረች። «ግንባታ አንደግፍም» ተባሉ። በዓመቱ አንድ ክፍል ጠየቁ። ቀጥሎ በር። ዘንድሮ ጥር ላይ፣ በር ከውስጥ ወደሚያግድ መወርወሪያ ወረዱ።

«ብረት ቢሆንልን፤ ለአንድ በር ብቻ።»

ከለጋሾቹ የመጣችው እንግዳ ፈገግ ብላ መወርወሪያም ግንባታ መሆኑን አስረዳች። ተረጎምኩት፤ አፌን መረረኝ። ኮፍያና ቲሸርት ግን ለሁላችን ደረሰን።

በዚያው ሳምንት ማኅበርተኞቹ የደበቋትን የብልባላዋን ሰብሌን፣ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ አባቷና የሙሽራው ዘመዶች ጽዋው ካረፈበት ቤት በሩን በትከሻ ገፍተው ወሰዷት። ሕግ አለ፤ የአገር ሽማግሌዎች ግን ቀድመውት ደረሱ። ጥር ሳይወጣ ተዳረች።

ትናንት ደግሞ ስብሰባ ነበር። «ወደ ምሳ» ሲባል ሁላችንም ወደ ኋላ ዞርን። እጅ የለም። አንዳንዱ እፎይ አለ፤ እኔን ግን አንገበገበኝ። ሳህን ይዤ ተሰልፌ ሳለሁ ወይዘሮ ይማርሽ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«በእውቀቱ፣ የዚህ ወር ጽዋ እናንተ ቤት ነው። ሚስትህ ተቀብላለች።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«አሁንም ከኩልመስክ አንዲት ልጅ አለች። ዐሥራ ሁለቷ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንዲት ጥያቄ አለችኝ። በርህ መወርወሪያ አለው?»

«የእንጨት አለ። ምስጥ በልቶታል።»

ቆመው አዩኝ። እኚህን ሴትዮ ስንቴ በልቤ ረግሜያቸዋለሁ! እወዳቸዋለሁም፤ ተርቤም እወዳቸዋለሁ። ሳህኔን አስቀምጬ ወደ አዳራሹ ተመለስኩና ባነሩ የተሰቀለበትን የብረት ዘንግ አወረድኩ። «ሴቶችን እናብቃ» ወለሉ ላይ ቀረ። ዘንጉ ከባድ ነው። ሌላውን ጫፍ እሳቸው ያዙልኝና በምሳው ሰልፍ መሃል ተሸክመነው ወጣን።