የትንፋሽ ምርመራ በቀበሌያችን

እየጠጣ ጠመንጃ የሚይዝ ጎረቤት ኖሯችሁ ያውቃል? እኔ ኮልፌ ስኖር ነበረኝ። የቀበሌያችን ጥበቃ ጓድ ታፈሰ እሑድ ጠዋት አረቄውን ሳይቀምስ ጠመንጃውን አያነግትም። ካነገተው በኋላ ደግሞ አፈሙዙ ወደ ሰማይ ይዙር ወደ እኛ ደንታ የለውም።

በደርግ ጊዜ የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ለውይይት የቀረበ ሰሞን በቀበሌው አዳራሽ ተሰብስበን «ስለ መብታችሁ ተናገሩ» ተባልን። ምን እንዳቀበጠኝ እንጃ፣ እጄን አወጣሁ።

«በሕይወት የመኖር መብታችን እንዲከበር፣ ጠመንጃ የሚይዝ ሰው አስቀድሞ ትንፋሹ ይመርመርልን» አልኩ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሊቀመንበሩም «ገንቢ ሐሳብ ነው!» ብለው በቃለ ጉባኤ አስያዙልኝ። እኔም ሕገ መንግሥት ያረቀቅሁ ያህል ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

ኧረ ምን ያደርጋል! በሳምንቱ እሑድ ጠዋት ለስብሰባ ስሄድ ሐሳቤ መመሪያ ሆኖ የአዳራሹ በር ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ሰክሮ ስብሰባ የሚረብሽ እንዳይኖር፣ ማንኛውም ነዋሪ ሲገባ ትንፋሹ ይመረመራል ይላል። ስለ ጠመንጃ አንድ ቃል የለበትም። መርማሪውስ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? በር ላይ የሚቆመው ጓድ ታፈሰ ነዋ!

ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ።

«እፍ በል!» አለኝ፣ አፍንጫው አፍንጫዬን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግቶ።

ከቁርስ በቀር ምንም ያልቀመስኩት ሰውዬ እፍ አልኩ። እሱም ሳብ አድርጎ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ።

«አታፍርም? በጠዋቱ አረቄ!»

የሸተተው የራሱ ትንፋሽ መሆኑን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። አፈሙዙን አየሁት።

«ይቅርታ ጓድ» አልኩ፣ «ሁለተኛ አይለምደኝም።»