ተጧሪ አይደለሁም፣ ጡረተኛ ነኝ

ኦቦ መገርሳን ልጆቻቸው አባረዋቸው መንግሥት እየቀለባቸው ነው ተብሎ ነቀምት በሙሉ ሲያወራ ሰነበተ። እኔ ወሬ ሲመጣ ወንበር የማቀርብ ሰው ነኝ፤ ይኼኛው ግን ውሸት ነው። ሰውየው ጡረታ ወጡ እንጂ ያባረራቸው የለም።

በየከተማው እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ሥራውን የለቀቀ፣ ሥራው ግን ያልለቀቀው። ክቡር ኦቦ መገርሳ፣ የሽቦው ጌታ፣ የሰው ስልክ ሲያገናኙ ከኖሩበት ስልክ ቤት ከወጡ ወዲህ አጠገባቸው የቆመውን ሰው ጊምቢ ያለ ይመስል እየጮኹ ነው የሚያነጋግሩት። ሰባኪው ድምፁን ዝቅ ካደረገ ጸሎት ቤት ውስጥም ቢሆን "ሃሎ! ይሰማል?" ነው። ለቅሶ ቤት ወሬ የሚያስረዝም ካጋጠማቸው ደግሞ "ሦስት ደቂቃዎ አልቋል!" ብለውት ይነሣሉ።

ወሬው የተወለደው ገበያ ነው። የጡረታ አዋጅ ገና መውጣቱ ስለነበር ቃሉን የለመደው ጥቂት ነው። ቅቤ ሻጯ አዴ ሎሚ "ኦቦ መገርሳ፣ ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?" ብትላቸው፣ "ጡረታ ወጥቻለሁ!" አሉ ደረታቸውን ነፍተው። እሷ የምታውቀው መጦርን ነው፤ ልጅ የደከመ ወላጁን ሲጦር። ዞር ብላ ለጎረቤቷ በኦሮምኛ "ሞቱማቱ ኢሳ ሶራ" አለች፤ መንግሥት ነው የሚቀልበው ማለቷ ነው። ወሬው ባኬ ጃማ ሲደርስ ልጆቹ አባረውት ነበር። ቢላ ሲደርስ መንግሥት በማንኪያ ያጎርሰው ጀመር።

ክፋቱ፣ ልጃቸው ድርቤ የታጨችው ለቢላ ሰው ነው። የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ዕጮኝነቱን ሊያፈርሱ መጡ። እኔም በጎረቤትነት፣ ማለትም በጆሮዬ፣ ተገኘሁ።

"አባቷን መንግሥት ላይ የጣለች ልጅ፣ እኛን ማን ላይ ልትጥለን ነው?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ ኦቦ ጨመዳ። ድርቤ ጓዳ ውስጥ ስትንሰቀሰቅ ይሰማል።

ኦቦ መገርሳ ተነሡ። "ሃሎ! ይሰማል? ተጧሪ አይደለሁም፣ ጡረተኛ ነኝ! ተጧሪ ታዝኖለት ነው የሚጦረው። ጡረተኛ ግን አስቀድሞ የጦረ ነው። እኔ መንግሥትን በዚህ ጆሮዬና በዚህ ጉሮሮዬ ዕድሜዬን ሙሉ ጦሬዋለሁ፤ አሁን ተራው የእሱ ነው። ይኼን ጋቢ ፈትላ ያለበሰችኝ ደግሞ ድርቤ ናት። ወይስ ስልክ ቤት ጋቢ ይፈትላል?"

ኦቦ ጨመዳ ጋቢውን ዳሰስ፣ ዳሰስ አደረጉ። "ታዲያ ጥፋቱ የቃሉ ነው እንጂ ልጅቷማ ምን አጠፋች!" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ የድርቤ አክስት ከጓዳ እልልታውን ለቀቀችው።

እኔ እስከ ዛሬ በደጃቸው ሳልፍ ሆነ ብዬ "ተጧሪው እንዴት አደሩ?" እላቸዋለሁ። ካልጮኹብኝ የነጋ አይመስለኝም።

ያን ዕለት ምሳ ቀርቦ ስንበላ ኦቦ ጨመዳ እንደገና አሰቡ። "ስማ እንጂ መገርሳ፤ ጦረኸው የሚጦርህ ከሆነ፣ መንግሥት ልጅህ ነው ማለት ነው?"

የሰው ዓይን ሁሉ ወደ በሩ ሄደ።

ኦቦ መገርሳ ጉርሻቸውን ዋጥ አደረጉና፣ "ልጄ ከሆነማ፣" አሉ፣ "ምነው አንድ ቀን እንኳ ሊጠይቀኝ አልመጣ?"