ሰባት ቤት ቆጠራ በባስክ አገር

አገር ማየት መልካም ነው ይላሉ። ይላሉ እንጂ፣ ከማን ጋር ሲታይ መልካም እንደሆነ የሚናገር የለም። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ብልህ ነበር፤ ግን የማያውቁትን አገር ከሚያውቁት ዘመድ ጋር ማየት ምን እንደሚመስል ሳይነግረን ሞተ። እሱ ያስቀረውን እኔ ልንገራችሁ። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ሻንጣውን ብቻ ይዞ የሚወጣ እንዳይመስላችሁ። የእኛ አገር ሰው ሲሄድ የጮቄን ተራራ አዝሎ፣ በሬዎቹን ነድቶ፣ የሰፈሩን ሽማግሌ ሁሉ አስከትሎ ነው የሚሄደው። የአየር መንገዱ ሚዛን ይህን አያነብም እንጂ ቢያነብ ኖሮ ከመሬት ባልተነሳን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ታላቅ እህቴ አማኑኤል ከተማ አጠገብ የሚኖሩ ስሜነህ የሚባሉ ገበሬ አግብታለች፤ አያ ስሜነህ እላቸዋለሁ። ልጃቸው ትብለጥ በሰሜን ስፔን፣ ባስክ ወደሚባለው አገር ስለ ወተትና ስለ አይብ ልትማር ሄደች። ተማረችም። በዚያው ዮን የሚባል የገበሬ ልጅ አገኘች፤ ተዋደዱ፤ ሊጋቡ ተስማሙ። ትብለጥ ግን የአማኑኤል ልጅ ናትና «ያለ አባቴ ምርቃት ቀለበት አላስርም» አለች። አባትየው ደግሞ «ሰዎቹን በዓይኔ ሳላይ፣ ዘራቸውን ሳልጠይቅ ምርቃት ከአፌ አይወጣም» አሉ። የልጁ ወላጆች ይህን ሲሰሙ ይምጡና ይዩን ብለው ጠሩን። ይዩን ሲሉ ምን እንዳሉ አያውቁም ነበር።

እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ትብለጥ የሰዎቹን ቋንቋ አሳምራ ትናገራለች፤ ነገር ግን ስለ ገዛ ጋብቻዋ በሽማግሎች መሐል መናገር ነውር ስለሆነ ዝም አለች። ስለዚህ አያ ስሜነህ ለእኔ በአማርኛ፣ እኔ ለዮን በእንግሊዝኛ፣ ዮን ለአባቱ በባስክ ቋንቋ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ለእንደኔ ያለው ነው። የጉዞውን ጊዜም የመረጥኩት እኔ ነኝ። ፋሲካ አልፎ በዓለ ሃምሳ ሳይወጣ እንዲሆን አደረግሁ፤ በእነዚያ ሳምንታት ረቡዕና ዓርብም አይጾምምና፣ አያ ስሜነህ «ጾም ነው» ብለው ከሰው ማዕድ እንዳይሸሹ በሩን መዝጋቴ ነበር። በሩን ዘጋሁ፤ መስኮቱን ረሳሁት።

የዮን አባት ኢኛኪ ከልጁ ጋር ሆኖ ከአውሮፕላን ማረፊያው በመኪናው ተቀበለን። አገሩ ያምራል! ተራራው በተራራ ላይ ተደርቦ፣ ጭጋጉ ወርዶ፣ ካፊያው ሳያቋርጥ፣ በጎቹ በለመለመው ሣር ላይ ተበትነው፣ ነጫጭ የገበሬ ቤቶች በየጉብታው ተቀምጠው። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አያ ስሜነህ የመኪናውን መስኮት በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉና ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ይኸ ጮቄ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም አያ፤ ባስክ ነው።»

«ጮቄ ነው እንጂ። ጮቄን ለማየት ነው ይኸን ሁሉ ሰማይ ያቋረጥነው?»

ኢኛኪ በዮን በኩል ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። በጣም ወድደውታል አልኩ። ትንሽ አለፍ ብለን ከባሕሩ ዳር ስንደርስ መኪናውን አቁሞ በኩራት አሳያቸው። አያ ስሜነህ ውኃው ጨው መሆኑን ጠየቁ። ነው አልኳቸው። «አይጠጣ፣ አይጠለፍ፤ ታዲያ ምን ያደርጋል?» ብለው ወደ መኪናው ተመለሱ። ይህንንም በጣም ወድደውታል ብዬ ተረጎምኩ።

የምግቡ ነገር ደግሞ ጨጓራዬን ላጠው። እዚያ አገር ከተማ ውስጥ ሰው ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት እየዞረ፣ ቆሞ፣ ፒንቾ የሚሉትን ነገር ይበላል። ፒንቾ ማለት የጣት ያህል ዳቦ ላይ ዓሣው፣ በርበሬው፣ እንቁላሉ ተደርድሮ በስቴኪኒ የተወጋ ነው። ጣፋጭ ነው፤ ጣት ያስቆረጥማል። አያ ስሜነህ አንዱን አነሱና አገላብጠው አዩት። «ቅምሻው ጥሩ ነው፤ ምግቡ መቼ ይመጣል?» አሉ። ምግቡ እሱ ነው ስላቸው በትዝብት አዩኝና «ቆሞ የሚበላ ፈረስ ነው» ብለው መቀመጫ ፈለጉ። ከጣሪያው ላይ የተሰቀለው ሁሉ የአሳማ እግር መሆኑን ሲረዱማ ጋቢያቸውን ሰብስበው በሩ አጠገብ ቆሙ።

በማግስቱ ኢኛኪ ወንዶች ብቻ ተሰብስበው ወደሚያበስሉበት ማኅበር ወሰደን። ቾኮ ይሉታል። እንደ እኛ ጽዋ ማኅበር ያለ ነገር ነው፤ ልዩነቱ ወጡን የሚሠሩት ራሳቸው ወንዶቹ መሆናቸው ነው። ኢኛኪ ሽርጥ ታጥቆ፣ ጥቁሩን ቦሎቄ እያማሰለ፣ ላቡን እየጠረገ ያስተናግደናል። አያ ስሜነህ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ሚስቱ ምን ሆና ነው?» አሉኝ በሐዘን። ደህና ናት፤ ባሕላቸው ነው አልኩ። አላመኑኝም። ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ለኢኛኪ «እግዚአብሔር ይማርልህ» አሉት። ይህን እንዴት አድርጌ ልተርጉመው?

የበግ አይብ ቀረበ፤ በጭስ የታጠነ፣ የአገሩ መመኪያ፣ ትብለጥ ሁለት ዓመት የተማረችበት። «በግ ታለባለች እንዴ?» አሉ። ትታለባለች። «ግልገሉስ ምን ይጠጣል? ግልገል አስርቦ አይብ!» ቀጥሎ የበሬ ሥጋ መጣ፤ ላይ ላዩን እሳት ያየ፣ ውስጡ ቀይ፣ ማለት አያ ስሜነህ በሕልማቸው የሚያዩት ዓይነት። እጃቸውን ሰደዱና መልሰው ሰበሰቡ። «ባርኮ ያረደው ማን ነው?» ኢኛኪ ጥያቄው ሲደርሰው ቢላዋውን አስቀምጦ ከግንባሩ ጀምሮ አማተበ፤ ያረደውም የአጥቢያው ሰው፣ የተጠመቀ መሆኑን ነገረን። አያ ስሜነህ እጁን በዓይናቸው ተከታተሉት። «እንደ እኛው ነው ያማተበው» አሉ። መደሰት ሲገባቸው ፊታቸው ጠቆረ። ሥጋውን ግን በሉት፤ ደግመውም በሉ።

የፖም ጠላ ከትልቅ በርሜል በርቀት እየፈነጠቀ ሲቀዳ፣ ግማሹ መሬት ላይ ሲፈስ ያሉትን አልጽፈውም። ሆድ ይፍጀው። ወደ በሬዎቹ ልለፍ።

እሑድ በመንደሩ አደባባይ ውድድር ነበር። ሁለት ግዙፍ በሬዎች ተጠምደው ትልቅ ድንጋይ ይጎትታሉ፤ ሕዝቡ ይጮኻል።

«ድንጋዩ ለቤት ነው?» አሉ አያ ስሜነህ።

«አይደለም። ጨዋታ ነው።»

«የት ሊያደርሱት ነው?»

«እዚያ ጫፍ።»

«ከዚያስ?»

«ይመልሱታል።»

ብድግ አሉ። «በግንቦት! እርሻ ጾሙን እያደረ!» እያሉ ወደ አደባባዩ ገቡ። ጋቢያቸውን ይዤ ጎተትኩ፤ ጋቢው እጄ ላይ ቀረ። እሳቸው ግን በሬዎቹ ዘንድ ደርሰው ቀንበሩን መረመሩ። ቀንበሩ ከበሬዎቹ ቀንድ ጋር ነበር የታሰረው። የአንዱን በሬ ማጅራት ከላይ እስከ ታች ዳበሱና ወደ እኔ ዞረው፣ «ሻኛውን ቆርጠውበታል!» ብለው ጮኹ። የነሱ አገር በሬ ሲፈጠርም ሻኛ እንደሌለው ማን ይንገራቸው? «ለእንዲህ ያለ ሕዝብ ልጄን አልሰጥም!» አሉ። ትብለጥ ከሰዎቹ መሐል ቆማ ሰማች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ይህን ሁሉ አገር አቋርጠን፣ የልጅቱ ዕጣ በሻኛ ሊቆረጥ!

የበሬዎቹ ባለቤት አልተቆጣም። የራሱን ካፖርት አውልቆ ላብ ያጠመቀውን በሬ አለበሰና፣ በስሙ እየጠራ ከእጁ በቆሎ አጎረሰው። አያ ስሜነህ ቆመው አዩት። ተመልሰው መጥተው ጋቢያቸውን ከእጄ ተቀበሉ።

በመጨረሻው ቀን በኢኛኪ ቤት ምሳ ላይ የፈራሁት መጣ። «አሁን ዘሩን ይቁጠር» አሉ አያ ስሜነህ። እንደምታውቁት በእኛ ዘንድ ሊጋቡ ያሰቡ ሰዎች እስከ ሰባት ቤት ይቆጠርላቸዋል፤ በመሐል አንድ አያት ላይ ከተገናኙ ዘመድ ናቸውና ጋብቻው ይቀራል። መልካም ሥርዓት ነው። ግን አማኑኤልና ባስክ በየት በኩል ይገናኛሉ? «አያ፣ ኧረ በፈጠረዎት፣ ይህን አያስጠይቁኝ» ብዬ ለመንኩ። «ጠይቀው» አሉ። እያፈርኩ ጠየቅሁ።

ኢኛኪ ከወንበሩ ተነሳ። ተቆጣ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ደስ ብሎት ነው! እነሱም ዘንድ ስምንት የቤተሰብ ስም መቁጠር የጨዋ ልጅነት ምስክር ኖሯል። ደረቱን ነፍቶ ስምንቱን አንበለበለው፤ ዮን ትርጉሙን ነገረኝ። አዲስ ቤት፣ የላይ ቤት፣ ሰፊ ተራራ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። «የሰው ስም ነው የቀበሌ?» አሉ አያ ስሜነህ። ቀጥለውም፣ «ወደ ጎን ነው የቆጠረው፤ ወደ ላይ ይውጣ» አሉ። ኢኛኪ የቤቱን ምሰሶ መታ መታ አድርጎ፣ ቤቱን ማን ከማን እንደወረሰው፣ አባቱን፣ ያባቱን አባት፣ እያለ ሰባቱንም ሳይተነፍስ ወጣው። የቀድሞ አያቶቹ ስም እንደ ውኃ ነበር የሚወርድለት።

ተራው የአያ ስሜነህ ሆነ። እሳቸው ግን አልቸኮሉም። አንድ ስም ይጠሩና የኢኛኪን ፊት ያያሉ። «በደንብ ጥራለት። ሰምቶታል?» ይሉኛል። እደግመዋለሁ። ኢኛኪ በአክብሮት ራሱን ይነቀንቃል። ሌላ ስም ይጠራሉ፤ ይጠብቃሉ። «እንዲህ የሚባል ሰው ያውቅ እንደሆነ ጠይቀው።» አያውቅም። ሰባተኛው ስም አለቀ። ኢኛኪ ብርጭቆውን አነሳ፤ ሚስቱ፣ ዮን፣ ትብለጥ፣ ሁሉም ምርቃቱን ሊሰሙ ወደ እሳቸው ዞሩ።

«አገሬ ገብቼ እናገራለሁ» አሉ።

ትብለጥ ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። ስንሰነባበት የአባቷን ጉልበት ሳመች። እኔ ደግሞ ተናድጄ፣ እስከ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም የአባይን በረሃ ወርደን እስክንወጣ ድረስ አላናገርኳቸውም። እሳቸውም እንዳኮረፍኳቸው ያወቁ አይመስለኝም።

ደብረ ማርቆስ እቤቴ ስንደርስ ጎረቤት እንኳን ደህና መጣችሁ ለማለት ተሰበሰበ። እህቴም ከአማኑኤል መጥታ ትጠብቀን ነበር። አያ ስሜነህ ወንበር ተሰጣቸውና ወጋቸውን ጀመሩ። ወይ ጉድ! አገሩ ገነት ነው። ጠላው ከበርሜል እንደ ምንጭ ይፈልቃል። በሬያቸውን ካፖርት ያለብሳሉ። ወንዱ ለሚስቱ ያበስላል፤ ሚስቱ ሳትታመም! ዘራቸውን ያውቃሉ፤ ከማዕድ በፊት ያማትባሉ። ጎረቤቶቼ በአድናቆት አፋቸውን ሲይዙ እኔ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። ይህ አፍ እዚያ የት ነበር? ይህን ግማሹን እዚያ ተናግረው ቢሆን ኖሮ ልጅቱ እያለቀሰች ባልቀረች!

እንግዳው ሲወጣ አልቻልኩም። «አያ፣ እንዲህ ከወደዱት ለምን አልመረቁም? ምን ጎደለባቸው?» አልኩ።

«ምንም» አሉ።

«ታዲያ?»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። «ምንም ስላልጎደለ ነዋ፣ አንተ መምህር። እኔ የሄድኩት የሚጎድል ነገር ላገኝ ነበር። ከምግቡ አጣሁ፤ ከሃይማኖቱ አጣሁ፤ በበሬው አገኘሁ ስል ሰውዬው ካፖርቱን አወለቀ። በመጨረሻ ዘሩ ቀረኝ። ሰባት ቤት ሩቅ ነው፤ የሰው ልጅ ደግሞ ካንድ አዳም ነው። ምናልባት አንድ ቦታ ላይ እንገናኝ ይሆናል ብዬ ነበር። ዘመድ ብንሆን ኖሮ ይቀር ነበር። ትመጣ ነበር ልጄ።»

እህቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

«ደውልልኝ» አሉ። ደወልኩ። ትብለጥ አነሳች። አያ ስሜነህ ከወንበራቸው ተነስተው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ስልኩ የት እንዳለ እንኳ ሳያዩ መረቁ። ውለጂ፣ ክበጂ፣ የገባሽበት ቤት ይባረክ፣ አማቶችሽ እናትና አባት ይሁኑሽ፣ ከብቶቻቸው ይርቡ፣ አገሩ አገርሽ ይሁን። የመጨረሻዋን ሲሉ ድምፃቸው ቢሰበርም ጨረሷት። እዚያ ማዶ ትብለጥ «አሜን፣ አሜን» እያለች ታለቅሳለች።

ስልኩ ሲዘጋ ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ያ ሰውዬ ግን» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ትንሽ አልተንተባተበም?»

«አዎ አያ» አልኳቸው፣ «ትንሽ ተንተባትቧል።»