በሌለ በሽታ መታመም የሚከለክለው አንቀጽ

በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ ከሾላ ገበያ በላይ ዳገቱን ይዞ በተቀመጠው ሰፈራችን አንድ ታላቅ የአመራር ሥራ ተከናውኗል። ከተማው ሁሉ አተት ገባ ብሎ እጁን በሳሙና ሲፈትግ፣ የኛ እድር ግን በሽታውን በሙሉ ድምፅ ከሰፈሩ አስወገደው። መርፌ አላስፈለገም፣ ሐኪም አላስፈለገም፤ እጅ ማውጣት ብቻ በቂ ነበር። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ስለሆንኩ ታሪኩን የመንገር ክብርም የኔው ነው።

ነገሩ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሃኒ የውሃ ማከሚያ ክኒን ይዛ ቤት ለቤት የዞረች ጊዜ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ምንጫችን ተበክሏል፤ ክኒኑን ጀሪካን ውስጥ ጨምራችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ጠጡ አለች። ሰው ይህን ሁሉ በጨዋ ደንብ ሰማት። በነጻ ነው ስትል ግን ደነገጠ።

ሊቀመንበራችን ጋሼ ሠረቀብርሃን ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ያገለገሉ፣ ያልተጻፈውን ሁሉ ማንበብ የሚችሉ ሰው ናቸው። ወዲያው አስቸኳይ ጉባኤ ጠሩ።

«ስኳር ፍለጋ ሦስት ቀን የሚያሰልፈን ቀበሌ፣» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ዛሬ ክኒን እስከ ደጃችን ያመጣልን ምን አይቶብን ነው?»

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነበር። መልሱን ያመጣው ደግሞ ላምበረት መናኸሪያ ሻንጣ የሚያወርደው በርናባስ ነው። ከሰሜን የመጣ አንድ መንገደኛ ጆሮው ላይ ሹክ ብሎታል፤ ክኒኑ ሰውን ያለዝባል። የጠጣ ሰው ቦታህን ለልማት ልቀቅ ቢሉት እሺ ይላል፣ ፈርም ቢሉት ይፈርማል።

«መንገደኛው ማን ይባላል?» አለ የቧንቧ ሠራተኛው ኤጀታ፣ ነገር ማበላሸት ልማዱ ነው።

«ስሙን ከነገረኝማ ምኑን ምስጢር ሆነ!»

ጉባኤው አጨበጨበ።

ቢሆንም እድራችን በአሉባልታ የሚነዳ ተቋም አይደለም፤ ጥናት አስጠናን። ሁለት በጎች ተመርጠው አንደኛው ለአንድ ሳምንት ክኒን የገባበት ውሃ፣ ሁለተኛው የምንጩን ውሃ ጠጡ። በስምንተኛው ቀን ክኒን የጠጣው በግ ገመዱን ሲስቡት ተነስቶ ተከተለ። ያልጠጣው ግን ቢጎትቱት፣ ቢገፉት ንቅንቅ አልል አለ። አጥኚ ኮሚቴው የመጀመሪያው ፈቃዱን መነጠቁን፣ ሁለተኛው በአቋሙ መጽናቱን በሪፖርቱ አረጋገጠ። በአቋሙ የጸናው በግ በማግስቱ ሞተ።

ከዚህ በኋላ ነው አንቀጽ አሥራ አራትን ያረቀቅኩት። «በሰፈራችን በሽታው ስለሌለ፣ በሌለው በሽታ ታምሜአለሁ የሚል አባል አይጠየቅም፤ ቢሞትም ድንኳን አይተከልለትም፣ እድሩም አይቀብረውም።» ጋሼ ሠረቀብርሃን ሁለቴ አስነብበውኝ «ብዕር አለህ!» አሉኝ። ለሁለት ቀን መሬት አልረገጥኩም።

በዚያው ሰሞን ሦስት አባላት በተከታታይ ዐረፉ። ሁለቱን ምች፣ አንዷን ጨጓራ ብለን በወጉ ቀበርን። ለለቀስተኛው የቀረበው ውሃ ክኒን ያልነካው የምንጭ ውሃ ነበር፤ ጋሼ ሠረቀብርሃን ራሳቸው ቆመው አስቀዱ። ባለቤቴ አሳየች ከቀብር መልስ ውሃ ጠምቷት ሁለት ኩባያ ጠጣች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ድምጿ ጠፍቶ አልጋው ላይ ነበረች። ሆዷ ውስጥ ምንም አልቀረም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ናት፤ ሮጬ ሊቀመንበሩን ጠራሁ። ጋሼ ሠረቀብርሃን በሩ ላይ ሆነው አዩዋት።

«ምች ናት። ዳማከሴ አሽታት።»

«ጋሼ፣ ከሌሊት ጀምሮ እኮ...»

«ጸሐፊ! ምች ካልሆነች አንቀጹን ታውቀዋለህ።»

እሳቸው ሲወጡ ሃኒ ከኤጀታ ጋር ገባች። የአሳየችን የእጅ ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደተጨማደደ ቀረ።

«ጋሼ፣» አለችኝ፣ «አሁኑኑ ከታች የተተከለው የአተት ማከሚያ ድንኳን መድረስ አለባት። እስከ ማታ አትቆይልዎትም።»

«እዚያ ከገባችማ በሽታው ነው ማለት ነው። ብትሞትብኝ እድሩ አይቀብርልኝም!»

«ከወሰድናት ማን ትሞታለች አለዎት?»

ነገሩን በዚህ በኩል አስቤው አላውቅም ነበር። በእድር ሥራ የኖረ ሰው ሐሳቡ ሁልጊዜ ከቀብር ይጀምራል።

አሳየች ከንፈሯን እንደምንም አላቀቀች። «አንቀጽህን አስቀምጥና... እኔን ተሸከመኝ።»

ከኤጀታ ጋር እየተቀባበልን ቁልቁለቱን አወረድናት። ግሉኮስ ተሰካላት። በአራተኛው ቀን በእግሯ ተመለሰች፤ ደስታዬን የምሸሽግበት አጣሁ።

እሑድ ጉባኤ ነበር። አሳየች እጇን አውጥታ ተነሳች።

«ጋሼ ሠረቀብርሃን፣ በሽታው አለ። ይዞኝ ነበር። እባካችሁ ውሃውን እያከማችሁ ጠጡ፣ ልጆቻችሁን አትፍጁ።»

አንዳንድ እናቶች ሲተያዩ አየሁ። ለአንድ አፍታ በሽታው ወደ ሰፈራችን የሚመለስ መሰለኝ። ጋሼ ሠረቀብርሃን ግን አልተደናገጡም፤ እንዲያውም በለሆሳስ ጠየቋት።

«ልጄ፣ እዚያ ድንኳን ውስጥ ክኒን የገባበት ውሃ ጠጥተሻል?»

«አራት ቀን ሙሉ! እሱን ነው የጠጣሁት!»

«ሰማችሁ?» አሉ ወደ ጉባኤው ዞረው። «ከዚህ በፊት አሳየች ጉባኤ ላይ ተናግራ ታውቃለች?»

«እሷ አይደለችም እኮ!» ብሎ ጮኸ በርናባስ። «ክኒኑ ነው የሚናገረው!»

ጭብጨባው ጣሪያውን አናወጠው። አሳየች ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ? በጀርባህ ተሸክመኸኝ የለም እንዴ?»

መቶ ሃምሳ ሰው አየኝ። እውነቱን አውቀዋለሁ፤ ጀርባዬ ላይ ስትቀል አውቄዋለሁ። «እኔ ጸሐፊ ነኝ፣» አልኩና ወደ መዝገቤ አቀረቀርኩ። አፈርኩ፤ ግን ጻፍኩ።

በመጨረሻም እንደ ደንቡ ውሳኔውን ቆሜ፣ ዓይኗን ሳላይ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«ከማከሚያ ድንኳኑ ድነው የተመለሱ አባላት አእምሯቸው የተነካ ስለሆነ ምስክርነታቸው ተቀባይነት የለውም። ክኒኑን ሳይነኩ ያረፉት አባሎቻችን ግን ስለ ምንጩ ውሃ እስከ ዛሬ አንድም ቅሬታ አላቀረቡም።»